እሑድ ኳስ ሲጫወት የነበረ ልጅ ረቡዕ መቆም ሲያቅተው፦ የጊላን-ባሬ ሕመም ታሪክ

ዛሬ ስለ አንድ ብዙም ስለማይወራለት ሕመም ታሪክ ላጫውታችሁ ነው። ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ሻይ ቡናችሁን ይዛችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንበል ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ውስጥ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ አለ። ከሁለት ሳምንት በፊት ተቅማጥ ይዞት ነበር፤ ዳነ፤ እሑድ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ተጫወተ። ሰኞ «እግሬን ያመኛል፣ ይነዝረኛል» አለ። ማክሰኞ ሲራመድ ተደናቀፈ። ረቡዕ ጠዋት ከአልጋው ሊነሳ ሲል እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። ትኩሳት የለውም፤ አልወደቀም፤ ማንም አልመታውም። እናት ትደነግጣለች። አያት «ክፉ መንፈስ መትቶት ነው» ይላሉ። ጎረቤት ወጌሻ ይጠራል። አባት ደቡብ አፍሪካ ላለው ወንድሙ ይደውላል። ሐሙስ ማታ ልጁ ውሃ ሲጠጣ ትን ይለው ጀመር፤ ድምፁም በአፍንጫው መውጣት ጀመረ።

ይህ ልጅ ምሳሌ ነው። ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው፤ ጊላን-ባሬ ይባላል። በዓመት ከ100,000 ሰው አንድ ወይም ሁለቱን ይይዛል። ብርቅ ሕመም ነው ማለት ነው፤ የደረሰበት ቤት ግን ጊዜ አይሰጠውም። ከረቡዕ ጠዋት እስከ ሐሙስ ማታ ባሉት ሰዓታት ወላጅ የሚወስነው ውሳኔ የልጁን ሕይወት ሊወስን ይችላል። ለዚህ ነው ታሪኩን ማወቅ የሚጠቅመው።

ነርቭ ከጡንቻ ጋር እንዴት ይነጋገራል?

ጣታችሁን ለማንቀሳቀስ ስታስቡ ትእዛዙ ከአንጎል ተነስቶ በሕብለ ሰረሰር ይወርድና በነርቭ በኩል ጡንቻ ዘንድ ይደርሳል። ነርቭን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ አድርጋችሁ አስቡት። ሽቦ ላስቲክ እንደሚለብስ ሁሉ አብዛኛው የእንቅስቃሴ ነርቭም ማይሊን የሚባል የስብ ሽፋን አለው። ሽፋኑ ጤነኛ ሲሆን መልእክቱ በሰከንድ 50 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሽፋኑ ሲላጥ መልእክቱ ይዘገያል፣ ይቆራረጣል፣ አልፎ አልፎም መንገድ ላይ ይቀራል።

ነርቭ በኤሌክትሪክ እንደሚሠራ ፍንጩን የሰጠው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ጋልቫኒ ነው። በ1791 ባሳተመው ሥራ የሞተች እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ሲነካ እንደሚፈናጠር አሳየ።

ግን ሽቦው ጡንቻውን በቀጥታ አይነካውም። በነርቩ ጫፍና በጡንቻው መካከል በዓይን የማይታይ ጠባብ ክፍተት አለ። ይህ ቦታ የተለየ መሆኑን ያስተዋለው ፈረንሳዊው ክሎድ ቤርናር ነው። በ1850ዎቹ የደቡብ አሜሪካ አዳኞች ቀስታቸውን የሚቀቡትን ኩራሬ የተባለ መርዝ በእንቁራሪት ላይ ሞከረ። ነርቩን ሲነካው ጡንቻው ዝም አለ። ጡንቻውን ራሱን ሲነካው ግን ተኮማተረ። ጡንቻው ደህና ነው፤ መርዙ የያዘው መልእክቱ ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚሻገርበትን በር ነው።

መልእክቱ ክፍተቱን እንዴት እንደሚሻገር የታወቀው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ1921 ኦቶ ሎዊ በሁለት የእንቁራሪት ልቦች ላይ ባደረገው ሙከራ ነርቭ ኬሚካል እንደሚረጭ አሳየ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴልና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1936 የጡንቻ ነርቭ ጫፍ አሴቲልኮሊን የተባለውን ኬሚካል እንደሚለቅ አረጋገጡ። ሎዊና ዴል በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

እንግዲህ ሦስት ቦታዎችን ልብ በሉ፦ ሽቦው፣ የሽቦው ሽፋን እና ክፍተቱ። ከሦስቱ አንዱ ሲበላሽ ጡንቻው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሰውየው መንቀሳቀስ ያቅተዋል።

ላንድሪ፣ ጊላን፣ ባሬ እና የተረሳው ሦስተኛ ሰው

በ1859 ኦክታቭ ላንድሪ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ሽባነት የያዛቸውን ሕመምተኞች ገለጸ። ድካሙ ከእግር ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ እጅ፣ በመጨረሻም ወደ መተንፈሻ ጡንቻ ይወጣል። አንዳንዱ ይሞታል፣ ብዙው ይድናል። ላንድሪ ራሱ ብዙ አልቆየም፤ በ1865 የኮሌራ ሕሙማንን ሲያክም በዚያው በሽታ ገና በ39 ዓመቱ አረፈ።

ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በ1916 በፈረንሳይ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ ሦስት ሐኪሞች፣ ዦርዥ ጊላን፣ ዣን-አሌክሳንደር ባሬ እና አንድሬ ስትሮል፣ እግራቸውና እጃቸው የዛለ ሁለት ወታደሮችን መረመሩ። ጉልበታቸውን በመዶሻ ሲመቷቸው የተለመደው መፈናጠር የለም። ከወገባቸው የአከርካሪ ፈሳሽ ቀድተው ሲያዩት ፕሮቲኑ ከፍ ብሏል፣ ነጭ ሴሎቹ ግን አልጨመሩም። የማጅራት ገትር ቢሆን ኖሮ ሴሎቹም በጨመሩ ነበር። ሁለቱም ወታደሮች ተሻላቸው።

ይህ ግኝት ዛሬም ይሠራበታል። ሐኪም «ከወገቡ ፈሳሽ እንውሰድ» ሲላችሁ ብዙ ወላጅ «ልጄ በዚያው ሽባ ይሆናል» ብሎ ይፈራል። መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰሩ ካበቃበት በታች ነው፤ ሽባ አያደርግም። ምርመራው ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት የኖረ ነው። አንድ ነገር ብቻ እወቁ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፕሮቲኑ ገና ላይጨምር ይችላል። ስለዚህ «ፈሳሹ ደህና ነው» መባሉ ብቻውን ሕመሙ የለም ማለት አይደለም።

የነርቭና የጡንቻውን ምላሽ በመሣሪያ የመዘገበው ስትሮል ነበር። ሆኖም በ1927 ሕመሙ ስም ሲወጣለት የእሱ ስም ቀረ። ዓለም ዛሬም ጊላን-ባሬ ብቻ ይለዋል።

ጠላት ሲፈልግ ወገኑን የሚመታ ሠራዊት

ለብዙ ዘመን ማንም ምክንያቱን አያውቅም ነበር። ከሦስት ሕመምተኞች ሁለቱ ግን ድካሙ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ሳምንታት ተቅማጥ ወይም ጉንፋን መሰል ሕመም ነበረባቸው።

ትልቅ ፍንጭ የመጣው ከሰሜን ቻይና ገጠር ነው። በሄቤይ ግዛት በየዓመቱ በሞቃታማው ወራት ብዙ ልጆች በድንገት ሽባ ይሆኑ ነበር። በመጀመሪያ ፖሊዮ ተጠረጠረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቻይናና የአሜሪካ ሐኪሞች አብረው ሲያጠኑት ግን ፖሊዮ አልነበረም፤ የጊላን-ባሬ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። የተጎዳው የነርቩ ሽፋን ሳይሆን ሽቦው ራሱ ነበር። ብዙዎቹ ልጆች ካምፒሎባክተር የተባለ ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ በቅርቡ እንደያዛቸው ደማቸው መሰከረ። ይህ ባክቴሪያ በዶሮ ሆድ ውስጥ የተለመደ ነው።

በዚያው ዘመን ጃፓናዊው ኖቡሂሮ ዩኪና ባልደረቦቹ የባክቴሪያው ልባስ ከነርቭ ልባስ ጋር እንደሚመሳሰል አሳዩ። አሁን ነገሩ ግልጽ ሆነ። ሰውነታችን ባክቴሪያውን ለመውጋት አንቲቦዲ ያዘጋጃል። አንቲቦዲው ባክቴሪያውን ያሸንፋል። ከዚያ ግን ነርቩን አይቶ «ይህም ያው ጠላት ነው» ይላል። ተቅማጡ ከዳነ በኋላ ሕመሙ የሚጀምረው ለዚህ ነው።

አንቲቦዲው ሁልጊዜ ሽፋኑን ብቻ አይመታም። በ1956 ሚለር ፊሸር የተባለ ካናዳዊ ሐኪም አንድ የተለየ ዓይነት ገለጸ፤ ዓይን መዞር ያቅተዋል፣ አካሄድ ይንገዳገዳል፣ የጉልበት ምላሽ ይጠፋል። በ1994 በእንግሊዝ ተመራማሪዎች የእንዲህ ዓይነት ሕመምተኛን ሴረም በአይጥ ድያፍራም ላይ ሞከሩት። መልእክቱ ከነርቭ ወደ ጡንቻ መሻገር አቆመ። ክሎድ ቤርናር በኩራሬ ያየው ነገር፣ ሰውነት ራሱ በሠራው አንቲቦዲ ተደገመ ማለት ነው። ክፍተቱ ዙሪያ ያለው የነርቭ ጫፍ ጥበቃው አነስተኛ ስለሆነ በደም የሚዞረው አንቲቦዲ በቀላሉ ያገኘዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያምታቱት ሌላ ሕመም አለ፤ ማያስቴኒያ ይባላል። በእሱ የሚጎዳው ከክፍተቱ ወዲያ ማዶ፣ ጡንቻው ላይ ያለው ተቀባይ ነው። ሰውየው ጠዋት ደህና ሆኖ ወደ ማታ የዓይኑ ቆብ ይወርዳል፣ ማኘክ ይደክመዋል፤ ካረፈ ይሻለዋል። በ1934 ሜሪ ዎከር የተባለች ሐኪም የኩራሬን መርዝ ለማርከስ የሚረዳ መድኃኒት ማያስቴኒያን እንደሚያሻሽል በእንግሊዝ አገር አሳየች። ጊላን-ባሬ ግን በዕረፍት አይሻልም፤ በየቀኑ እየባሰ ይሄዳል።

ሕይወት ያተረፉት እጆች

ከጊላን-ባሬ ሕመምተኞች ከአራቱ አንዱ ያህል የመተንፈሻ ማሽን ያስፈልገዋል። ማሽን ሳይኖር ምን ይደረግ ነበር?

በ1952 በኮፐንሃገን ከባድ የፖሊዮ ወረርሽኝ ተነሳ። መተንፈስ ካቃታቸው የመጀመሪያዎቹ 31 ሕመምተኞች 27ቱ ሞቱ። ያን ጊዜ ብዮርን ኢብሰን የተባለ የሰመመን ሐኪም ጉሮሮ ተከፍቶ በቱቦ አየር በእጅ ይገፋ አለ። 1,500 ያህል የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየተቀያየሩ ሌሊትና ቀን የላስቲክ ከረጢት ጨመቁ። የሟቾች ቁጥር በከፍተኛ ደረጃ ቀነሰ። የዛሬው ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተወለደው ከዚያ ነው።

ትምህርቱ ይኸው ነው፦ በጊላን-ባሬ ነርቩ ብዙ ጊዜ ራሱን ይጠግናል። የእኛ ሥራ ነርቩ እስኪጠገን ድረስ ሰውየውን በሕይወት ማቆየት ነው።

በ1985 የአሜሪካ ሐኪሞች የደሙን ፕላዝማ መቀየር ሕመሙን እንደሚያሳጥር አሳዩ። በ1992 የኔዘርላንድ ሐኪሞች ከብዙ ለጋሾች ደም የሚዘጋጅ ኢሚውኖግሎቡሊን በደም ሥር መስጠት ያንኑ ያህል እንደሚሠራ አረጋገጡ። የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን 0.4 ግራም ለአምስት ቀን ነው። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 40 ግራም፣ ማለትም ባለ 5 ግራም 8 ጠርሙስ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን አባት 24 ጠርሙስ ይሆናል። ቤተሰብ ለምን እንደሚሰባሰብ፣ ውጭ ያለ ወንድም ለምን እንደሚደወልለት ከዚህ ትረዳላችሁ።

ተስፋ የሚሰጥ ዜናም አለ። በ2018 የታተመ የባንግላዴሽ ጥናት በ20 አዋቂ ሕመምተኞች ላይ ያለ ውድ ማሽን፣ አልጋ አጠገብ ፕላዝማን በትንሽ በትንሹ መቀየር እንደሚቻል አሳይቷል። እንደኛ ላሉ አገሮች ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

አንድ ነገር ግን አይሠራም፦ ስቴሮይድ ብቻውን ለጊላን-ባሬ አይጠቅምም። ይህ በተደጋጋሚ ጥናት ተረጋግጧል። ከፋርማሲ «ለነርቭ» እየተባለ የሚገዛ የቫይታሚን መርፌም ሕመሙን አያቆመውም። ገንዘባችሁንም ሰዓታችሁንም እዚያ አትጨርሱ።

ከቡታጅራ እስከ ሆሳዕና

የሆሳዕና ሰው ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ቡታጅራን ያልፋል። በ1980ዎቹ በዚያ አካባቢ ገጠር ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቤት ለቤት ዞረው 60,820 ሰዎች የሚኖሩበትን አካባቢ የነርቭ ሕመም ቆጠሩ። የሚጥል በሽታ ከ1,000 ሰው በአምስቱ ላይ ተገኘ። ከእሱ ቀጥሎ የተገኘው ፖሊዮ ያስቀረው ሽባነት ነበር፤ የአገራችን ሰው «ልምሻ» የሚለው። በነርቭ ጉዳት ደግሞ የሥጋ ደዌ ቀዳሚው ምክንያት ነበር።

እንደ ጊላን-ባሬ ያለ ሕመም በእንዲህ ዓይነት ቆጠራ ጎልቶ አይወጣም። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሰውየው ወይ ይሞታል ወይ ይድናል፤ ቆጣሪው በር ሲያንኳኳ አያገኘውም። ስለዚህ ያልተቆጠረ ሁሉ የለም ማለት አይደለም።

ለረጅም ጊዜ በአገራችን የነርቭ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና ተጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው እየጨመረ ነው።

ጊላን-ባሬን በየገጠሩ እንድናየው ያደረገን ግን በሌላ በር የመጣ ሥራ ነው፤ ፖሊዮን የማጥፋት ዘመቻ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ከ15 ዓመት በታች የሆነ፣ እጅ ወይም እግሩ በድንገት የዛለ ልጅ ስትሰማ ወዲያው ታሳውቃለች። ከዚያ ድካሙ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ፣ ቢያንስ 24 ሰዓት ተራርቆ፣ ሁለት ጊዜ የልጁ ሰገራ ይወሰዳል፤ በበረዶ ሳጥን ተይዞም አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል። ፖሊዮ በሌለበትም ከ100,000 ልጆች በዓመት ቢያንስ ሁለቱ እንዲህ ዓይነት ድካም እንዲገኝባቸው ይጠበቃል። ካልተገኘ ልጆች የሉም ማለት ሳይሆን ፈላጊ የለም ማለት ነው። ከእነዚህ ልጆች ውስጥ ጊላን-ባሬ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነው።

ስለዚህ «ልጄ እግሩን አሞታል፣ ለምን ሰገራውን ትጠይቁኛላችሁ?» ብላችሁ አትቆጡ። ያ ሰገራ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ የሚጠብቅ ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የዱር ፖሊዮ ሕመምተኛ የተመዘገበው በ2014 መጀመሪያ በሶማሌ ክልል ነው። በ2020 አፍሪካ ከዱር ፖሊዮ ነጻ ተባለች። ክትባት በቀነሰበት አካባቢ የሚነሳው ሌላው የፖሊዮ ዓይነት ግን ከ2019 ጀምሮ በአገራችንም ታይቷል። መፍትሔው ልጆችን ሁሉ ማስከተብ ነው።

ክትባትና ጊላን-ባሬን በተመለከተ ጥያቄ ስለሚመጣልኝ በግልጽ ልመልስ። በ1976 አሜሪካ ውስጥ ለአሳማ ጉንፋን በተሰጠ ክትባት ከ100,000 ተከታቢ አንድ ያህል ተጨማሪ ሕመምተኛ ታይቶ ዘመቻው ቆሟል። በዛሬዎቹ የጉንፋን ክትባቶች ቢኖር ከሚሊዮን አንድ ወይም ሁለት ነው። ጉንፋኑ ራሱ የሚያመጣው አደጋ ከዚያ ይበልጣል።

በሆሳዕና ያለው ትልቁ ሆስፒታል በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም ይጠራል። እሌኒ የሀዲያ ገራድ ልጅ ነበሩ። በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለልጁ ንጉሥ ለልብነ ድንግል ሞግዚት ሆነው ሲያስተዳድሩ አደጋው ደጃፍ ላይ ሳይደርስ ገና በሩቁ አይተው ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ ላኩ። እኔም ለእናንተ የምመኘው ይህንኑ ነው፤ አደጋው ትንፋሽ ላይ ሳይደርስ መልእክት መላክ።

እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

በሁለቱም እግር የጀመረና ከቀን ወደ ቀን ወደ ላይ የሚወጣ ድካም ካያችሁ «ነገ ይሻለዋል» አትበሉ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የጀርባና የእግር ሕመም፣ መንዘር መንዘር ማለት አብሮ ሊኖር ይችላል። ትንሽ ልጅ «ደከመኝ» አይልም፤ ዝም ብሎ «እቀፉኝ» ይላል፣ መራመድ ይጠላል፣ ከተቀመጠበት ሲነሳ እጁን ጭኑ ላይ ይደግፋል።

ለትንፋሽ ቀላል መለኪያ አለ። ቁጥር የሚያውቅ ልጅ ወይም አዋቂ ከሆነ በጥልቀት እንዲተነፍስ አድርጉና በአንድ ትንፋሽ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...» እያለ ይቁጠር። አዋቂ ሰው 20 ሳይደርስ ከቋረጠ፣ ወይም የጠዋቱ 25 ማታ 15 ከሆነ አደጋ ነው። ለትንሽ ልጅ ዋናው ነገር ቁጥሩ ከትናንቱ መቀነሱ ነው። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ 95 ቢያሳይም አትዘናጉ፤ ኦክስጅን የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው።

ውሃ ሲጠጣ ትን ካለው፣ ድምፁ በአፍንጫ ከወጣ፣ ማሳል ካቃተው በአፉ ምንም አትስጡት። ወተትም፣ የተቀቀለ ቅጠልም፣ ቅቤም ሳንባው ውስጥ ይገባል። በአምቡላንስ ወይም በተገኘው መኪና ወዲያው ይሂድ፤ ጀርባው ተደግፎ ቀና ይበል።

ወጌሻ የዛለ እጅና እግርን መጎተት ወይም ማጠፍ የለበትም፤ የተሰበረ ነገር የለም። ጸሎት የምታደርሱ ከሆነ አልጋው አጠገብም ማድረስ ይቻላል፤ ሐኪሙም ጸሎቱም አብረው ይሁኑ። ብቻ ጸሎት ቤትም ሆነ ጸበል ቦታ ተብሎ ሦስት ቀን አይጠፋ።

ሐኪም ሪፈር ሲጽፍላችሁ አትዘግዩ። ከሆሳዕና አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የነርቭ ፍጥነት ምርመራውም፣ ኢሚውኖግሎቡሊኑም በአብዛኛው የሚገኘው እዚያ ነው። ልጁ ገና በራሱ እየተነፈሰ ሳለ መጓዝና ትንፋሹ እያጠረ መጓዝ ሁለት የተለያዩ ጉዞዎች ናቸው። ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጽፋችሁ ያዙ፦ ድካሙ የጀመረበት ቀን፣ ከዚያ በፊት የነበረው ተቅማጥ ወይም ጉንፋን፣ የተወሰደ መድኃኒት ሁሉ። የእርሻ ፀረ-ተባይ መድኃኒት ነክቶ ወይም እባብ ነድፎት ከሆነ ያንንም ተናገሩ፤ እነሱም ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚሄደውን መልእክት ያውካሉ፣ ሕክምናቸው ግን ሌላ ነው።

ስለ መከላከልም አንድ ቃል። በያሆዴና በመሳላ ሰሞን ሥጋ በየቤቱ ይበዛል። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ለልጆች አትስጡ። ዶሮ የተበለተበትን ቢላና መክተፊያ ሳታጥቡ ሌላ ምግብ አትክተፉበት። ዶሮዎች ቤት ውስጥ የሚያድሩ ከሆነ ልጆች ከሚጫወቱበትና ከሚተኙበት ለዩአቸው። ውሃ አፍሉ ወይም አክሙ፤ እጅ በሳሙና ታጠቡ። አብዛኛው ተቅማጥ ጊላን-ባሬን አያመጣም፤ ግን ተቅማጥን መከላከል በብዙ መንገድ ይከፍላል።

በቀስታ የሚመጣው ዘመዱ

ለአዋቂዎች አንድ ነገር ልጨምር። በ1988 በአሜሪካ ሐኪሞች ራሱን ችሎ የተገለጸ ሌላ ብርቅ ሕመም አለ። በቀናት ሳይሆን በወራትና በዓመታት ይመጣል። አንድ እጅ ብቻ ይዝላል፤ አናጺው መዶሻ ይወድቅበታል፣ አስተማሪው ጠመኔ መያዝ ያቅተዋል፣ ቁልፍ መቆለፍ ይከብዳል። ስሜት ግን አይጠፋም፤ አይደነዝዝም። ከሴት ይልቅ ወንድ ላይ ይበዛል። ምክንያቱ አንቲቦዲ የእንቅስቃሴ ነርቭን በተወሰኑ ቦታዎች ላይ መዝጋቱ ነው፤ መልእክቱ ከመዝጊያው በላይ አለ፣ ከመዝጊያው በታች የለም።

ይህ ሕመም መድኃኒት ከሌለው የነርቭ መሞት ሕመም ጋር ስለሚመሳሰል አንዳንዱ ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ይቀመጣል። ግን በኢሚውኖግሎቡሊን ይሻሻላል፤ ስቴሮይድ ደግሞ ሊያብሰው ይችላል። ስለዚህ አንድ እጃችሁ ያለ ሕመም ቀስ በቀስ እየሰነፈ ከመጣ የነርቭ ሐኪም ሳያያችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

ከዚያ በኋላ

ጊላን-ባሬ እየባሰ የሚሄደው ቢበዛ አራት ሳምንት ነው፤ አብዛኛው በሁለት ሳምንት ጫፉ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ይቆማል፣ ከዚያ መመለስ ይጀምራል። ጥሩ ክትትል ባለበት በስድስት ወር ከአምስት ሕመምተኞች አራቱ በራሳቸው ይራመዳሉ። ልጆች ከአዋቂ የተሻለ ያገግማሉ።

የተላጠው ሽፋኑ ብቻ ከሆነ በሳምንታትና በወራት ይጠገናል። ሽቦው ራሱ ከተቆረጠ ግን ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው። ከዳሌ እስከ እግር ጣት 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 600 ቀን ማለት ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ወር «አልሻለውም» ብላችሁ ፊዚዮቴራፒ አታቋርጡ። እግሩን በቀን ብዙ ጊዜ በቀስታ አጥፉ ዘርጉ፣ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ታች እንዳይደርቅ ደግፉት፣ በየሁለት ሰዓቱ ገልብጡት። ትምህርት ቤት ቢዘገይም መጽሐፉን አልጋው ላይ አምጡለት። ልጁ አእምሮው ሙሉ ነው፤ ሁሉን ይሰማል። አጠገቡ ሆናችሁ «አይተርፍም» አትበሉ።

መጀመሪያ ላይ ወዳነሳሁት ልጅ ልመለስ። ሐሙስ ማታ ትን ያለው ልጅ ያንኑ ሌሊት ሆስፒታል ከደረሰ ሐኪሞቹ ትንፋሹን እየቆጠሩ ያድራሉ፤ ካስፈለገ ማሽን ይረዳዋል፣ ነርቩ ጊዜውን ወስዶ ይጠገናል። ቤት ካደረ ግን ያ ሌሊት ረጅም ነው። ልዩነቱ አንድ ሰው «ይህ ቀላል ድካም አይደለም፣ እንሂድ» ማለቱ ነው። ያ ሰው ጎረቤት ሊሆን ይችላል፣ አስተማሪ ሊሆን ይችላል፣ ዛሬ ይህን ያነበባችሁ እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ ለሚጠቅመው ሰው አካፍሉ። ጽሑፉ ለግንዛቤ ነው፤ የሐኪም ምርመራን አይተካም።

ጤና ይብዛላችሁ!